ከመድኃኒትነት ወደ በካይነት፦ ፌኖልን ከፍሳሽ ውኃ በኢንዛይም የማስወገድ ታሪክ

መግቢያ

ፌኖል፣ በቀድሞ ስሙ ካርቦሊክ አሲድ፣ በሕክምና ታሪክ ውስጥ የተከበረ ስፍራ ያለው ኬሚካል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀዶ ሕክምናን ከቁስል መመርቀዝ ለማላቀቅ በተደረገው ትግል ከመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች አንዱ እርሱ ነበር። ይኸው ኬሚካል ዛሬ ከነዳጅ ማጣሪያ፣ ከድንጋይ ከሰል ማቀነባበሪያ፣ ከፕላስቲክና ከሙጫ ፋብሪካዎች በሚወጣ ፍሳሽ ውኃ ውስጥ ከሚገኙ መርዛማ በካዮች አንዱ ሲሆን፣ ፍሳሹ ወደ ወንዝ ከመለቀቁ በፊት መወገድ ይኖርበታል።

ፌኖልንና ዘመዶቹን ከፍሳሽ ለማስወገድ ከተሞከሩት ዘዴዎች መካከል በኢንዛይም መጠቀም አንዱ ነው። የዚህ ዘዴ ታሪክ ለጤና ባለሙያዎች እንግዳ አይደለም። መነሻው በመሐንዲሶች ዘንድ ሳይሆን በሐኪሞችና በመድኃኒት ቀማሚዎች እጅ ነው፤ ዋነኛው ኢንዛይምም በየሕክምና ላቦራቶሪው በየዕለቱ የሚሠራበት ነው። ከዚህም በላይ ታሪኩ አንድ መርዝ ከውኃ ውስጥ «ተወገደ» በተባለ ጊዜ «ምን ሆነ? ወዴትስ ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ያስገነዝባል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የካርላይል ፍሳሽና የሊስተር ቀዶ ሕክምና

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአውሮፓ ከተሞች ለመብራት የሚያገለግል ጋዝ ከድንጋይ ከሰል ያወጡ ነበር። ከዚህ ሥራ የሚተርፈው ጥቁርና የሚያጣብቅ ቅጥራን ለብዙ ጊዜ እንደ ቆሻሻ ይቆጠር ነበር። ፍሪድሊብ ፈርዲናንድ ሩንገ የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት በ1834 ከዚህ ቅጥራን ውስጥ ለኋለኛው ዘመን ታላቅ ትርጉም ያላቸውን ሁለት ነገሮች ለይቶ አወጣ። አንደኛው ካርቦሊክ አሲድ ያለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በኋላ አኒሊን ተብሎ የታወቀው ነው። ሁለቱም ከአንድ ቅጥራን የወጡ እንደመሆናቸው፣ ቆይቶ እንደሚታየው፣ ዕጣቸውም በአንድ ኢንዛይም ዘንድ የሚገናኝ ሆነ።

በዚያ ዘመን በሽታ የሚመጣው ከግማት ከሚነሣ ክፉ አየር ነው የሚለው እምነት ገና አልጠፋም ነበር። ስለዚህ ሽታን የሚያጠፋ ነገር ሁሉ በሽታን እንደሚያጠፋ ይታሰብ ነበር። በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘው የካርላይል ከተማም ለግጦሽ መሬት ማጠጫነት በምታውለው የከተማ ፍሳሽ ላይ ጥቂት ካርቦሊክ አሲድ ትጨምር ጀመር። ሽታው ጠፋ፤ በዚያ መስክ ላይ የሚግጡትን ከብቶች ያጠቃ የነበረው ጥገኛ ትልም እንደጠፋ ተነገረ።

በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበረው ጆሴፍ ሊስተር ይህን ወሬ በ1864 እንዳነበበና እጅግ እንደተደነቀ ራሱ በ1867 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ገልጿል። መበስበስ የሚመጣው በረቂቅ ሕያዋን ምክንያት ነው የሚለውን የፓስተርን ግኝት ከተረዳ በኋላ፣ ፍሳሽን ከመበስበስ የጠበቀው ነገር ቁስልንም ሊጠብቅ ይችላል ብሎ አሰበ። ኦገስት 12 ቀን 1865 የጋሪ መንኮራኩር እግሩን የሰበረውንና አጥንቱ ከተከፈተ ቁስል ጋር የነበረውን የ11 ዓመት ልጅ በካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ አከመው። እንዲህ ያለ ስብራት በዚያን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ እግር በመቁረጥ ወይም በሞት ይደመደም ነበር። የልጁ ቁስል ግን ሳይመረቅዝ ዳነ። የቀዶ ሕክምና አዲስ ምዕራፍ የተከፈተው ከፍሳሽ ማከሚያ በተገኘ ሐሳብ ነው ማለት ይቻላል።

ካርቦሊክ አሲድ ግን ጸጋ ብቻ አልነበረም። የቀዶ ሐኪሞችን እጅ ያቃጥል ነበር፤ በቁስል በኩል ወደ ሰውነት በብዛት ሲገባም የሕሙማኑ ሽንት ይጠቁር ነበር። ሊስተር ራሱ በቀዶ ሕክምና ክፍል አየር ውስጥ ይረጨው የነበረውን የካርቦሊክ ጉም በኋላ ትቶታል። ጀርምን የሚገድለው ይኸው ባሕርይ በፍሳሽ ላይ ሌላ ጉዳት እንደሚያስከትል ግን ገና የተረዳ አልነበረም።

በካይነቱ እንዴት ታወቀ

ከቅጥራን የተገኙት ሁለቱ ኬሚካሎች በየፊናቸው ታላላቅ ኢንዱስትሪዎችን ወለዱ። ዊልያም ፐርኪን በ1856 ከአኒሊን የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም ካወጣ በኋላ የቀለም ፋብሪካዎች በአውሮፓ ተስፋፉ። ሊዮ ቤክላንድ በ1907 ፌኖልን ከፎርማልዴሃይድ ጋር አዋህዶ ቤክላይት የተባለውን ፕላስቲክ ሲሠራ ደግሞ የፌኖል ፍላጎት በእጅጉ ጨመረ።

የመጀመሪያው የጤና ማስጠንቀቂያ የመጣው ከአኒሊን ወገን ነው። የፍራንክፈርቱ ቀዶ ሐኪም ሉድቪግ ሬን በ1895 ፉክሲን የተባለውን ቀለም በሚያመርቱ 45 ሠራተኞች መካከል ሦስቱ የሽንት ፊኛ ካንሰር እንደያዛቸው አስታወቀ። በ1954 በብሪታንያ በሮበርት ኬዝና በባልደረቦቹ የተደረገው ጥናት ዋነኞቹ ጥፋተኞች ቤንዚዲንና ናፍታይላሚን የተባሉት አሮማዊ አሚኖች መሆናቸውን አሳየ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ቤንዚዲንን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ በተረጋገጡት በምድብ 1 ውስጥ መድቦታል።

የፌኖል በካይነት የታወቀው በሌላ መንገድ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጠጥ ውኃን በክሎሪን ማከም ሲስፋፋ፣ እጅግ ጥቂት ፌኖል ያለበት ውኃ ክሎሪን ሲጨመርበት የመድኃኒት ሽታና የሚያንገፈግፍ ጣዕም እንደሚያመጣ ታየ። ፌኖል ከክሎሪን ጋር ሲዋሐድ ክሎሮፌኖል የተባሉ ውሕዶች ስለሚፈጠሩ ነው። ይህ ጉዳይ የጣዕም ብቻ እንዳልሆነ በጃንዋሪ 1984 በሰሜን ዌልስ የሚፈሰው የዲ ወንዝ በፌኖል በተበከለ ጊዜ ታይቷል። ብክለቱ 2 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ወደሚጠቀምበት የቧንቧ ውኃ ገባ። በቀጣዩ ዓመት በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት የተበከለው ውኃ የደረሳቸው ሰዎች ካልደረሳቸው ይልቅ የጨጓራና የአንጀት ሕመም ምልክቶች እንደበዙባቸው አመለከተ።

ሕያዋን አጣሪዎች

የሊስተር ዘመን ሰዎች ፍሳሽን ለማከም በውስጡ ያሉትን ሕያዋን መግደል ይገባል ብለው ያስቡ ነበር። ነገሩ ተቃራኒ መሆኑን በ1877 ሁለት ፈረንሳውያን፣ ቴዎፊል ሽሎዚንግና አሺል ሙንትዝ፣ አረጋገጡ። ፍሳሽን በአሸዋ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ቀስ በቀስ ሲያሳልፉት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አሞኒያው ወደ ናይትሬት መለወጥ ጀመረ። የክሎሮፎርም ተን በቱቦው ውስጥ ሲያስገቡ ለውጡ ቆመ። ክሎሮፎርሙ ወጥቶ ጥቂት የአፈር ውኃ ሲጨመርበት ሥራው እንደገና ቀጠለ። በዚያን ጊዜ ሕሙማንን ለማደንዘዝ ያገለግል የነበረው ክሎሮፎርም ፍሳሹን የሚያጣራው ነገር ሕይወት ያለው መሆኑን መሰከረ።

ከዚህ በኋላ የፍሳሽ ማጣራት ሥራ ተሕዋስያንን የማሠራት ጥበብ ሆነ። በማንችስተር ጊልበርት ፋውለር፣ ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት በ1910ዎቹ መግቢያ ፌኖልን ራሱን ተመግበው የሚያቃጥሉ ባክቴሪያዎች እንዳሉ አሳዩ። አርደርንና ሎኬት በ1914 ያስታወቁት ግኝት ደግሞ የዘመኑን የፍሳሽ ማጣሪያ መሠረት ጣለ። ፍሳሽ ውስጥ አየር ነፉበት፤ ሲጠራ ውኃውን አፍስሰው በሥሩ የቀረውን ዝቃጭ ሳይጥሉ አዲስ ፍሳሽ ጨመሩበት። ይህን ደጋግመው ሲያደርጉ፣ በመጀመሪያ ሳምንታት የወሰደው ማጣራት በመጨረሻ በአንድ ቀን ውስጥ የሚያልቅ ሆነ። ባክቴሪያ የበዛበት ይህ ዝቃጭ «የነቃ ዝቃጭ» የሚል ስም ተሰጠው።

ይሁን እንጂ ሕያዋን አጣሪዎች የሕያዋን ድክመት አለባቸው። በዝግታ ለሚደርሳቸው ጥቂት ፌኖል ይለማመዳሉ፤ በድንገት ብዙ ሲለቀቅባቸው ግን ይሞታሉ። የማጣሪያው ሠራተኛ ዝቃጩን እንደገና ለማልማት ሳምንታት ሊፈጅበት ይችላል። በካርላይል ጀርምን የገደለው ኬሚካል በማጣሪያው ውስጥም አጣሪዎቹን ይገድላል። ሕያዋኑን ትቶ ሥራውን የሚሠራውን ኢንዛይም ብቻ መጠቀም ይቻል ይሆን የሚለው ጥያቄ የተነሣው ከዚህ የተነሣ ነው።

በላቦራቶሪ የሚታወቀው ኢንዛይም

ኢንዛይም ያለ ሕዋስ ሊሠራ መቻሉ ለብዙ ዘመን አከራካሪ ነበር። ክርክሩ የተዘጋው ኤድዋርድ ቡክነር በ1897 እርሾን ፈጭቶና ጨምቆ ባወጣው፣ አንድም ሕያው ሕዋስ በሌለበት ፈሳሽ ስኳርን ወደ አልኮል በለወጠ ጊዜ ነው። በ1907 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። በ1926 ጄምስ ሳምነር ዩሪዬዝ የተባለውን ኢንዛይም እንደ ጨው አንጥሮ በማውጣት ኢንዛይም ፕሮቲን መሆኑን አሳየ።

በፍሳሽ ታሪክ ውስጥ ዋናውን ስፍራ የያዘው ግን ፐርኦክሲዴዝ ነው። የሚገኘውም ሆርስራዲሽ ከተባለው፣ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫን ከሚሰነፍጥ የአውሮፓ ተክል ሥር ነው። ፈረንሳዊው መድኃኒት ቀማሚ ሉዊ አንቷን ፕላንሽ በ1810 ይህን ሥር ጓያክ በተባለ የዛፍ ሙጫ ብጥብጥ ውስጥ ሲያስገባው ፈሳሹ ሰማያዊ እንደሚሆን አስተዋለ። ለኢንዛይሙ «ፐርኦክሲዴዝ» የሚል ስም የተሰጠው በ1898 ነው። ሥራው ግልጽ ነው፦ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድን ተጠቅሞ ሌላውን ውሕድ ኦክሲዳይዝ ያደርጋል።

የጤና ባለሙያዎች ይህን ኬሚካዊ ለውጥ በሌላ ስም ያውቁታል። ሄሞግሎቢን እንደ ፐርኦክሲዴዝ ሁሉ በውስጡ ሄም ስላለው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ስለዚህም በ1860ዎቹ ኢዛክ ቫን ዴን የጓያክን ብጥብጥ ደምን ለመለየት ተጠቀመበት፤ በሰገራ ውስጥ በዓይን የማይታይ ደምን ለማግኘት እስካሁን የሚሠራበት የጓያክ ምርመራ ከዚሁ የመጣ ነው። በዚህ ምርመራ ዋዜማ ሕሙማን እንዳይበሏቸው ከሚከለከሉት ምግቦች አንዱ ራሱ ሆርስራዲሽ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1904 ጀምሮ ደግሞ ከጓያክ ይልቅ ቤንዚዲን ለደም ምርመራ በስፋት ይሠራበት ነበር። ካንሰር አምጪነቱ ሲረጋገጥ ተተወ፤ በ1974 ቴትራሜቲልቤንዚዲን የተባለ ከአደጋ የራቀ ምትክ ተገኘለት። በ1971 ኤላይዛ የተባለው የምርመራ ዘዴ ሲፈጠር ፐርኦክሲዴዝ ከዋነኞቹ ጠቋሚ ኢንዛይሞች አንዱ ሆነ። ዛሬ የኤችአይቪንና የሌሎች በሽታዎችን ፀረ አካል በሚለየው ሳህን ላይ የሚታየው ሰማያዊ ቀለም ፐርኦክሲዴዝ የቤንዚዲንን ዘመድ ሲለውጥ የሚፈጠር ነው።

በላቦራቶሪ ውስጥ ሰው የተመለከተው ቀለሙን ነበር። ቀለሙ የሚመጣው ግን የመጀመሪያው ውሕድ ወደ ሌላ ውሕድ ስለተለወጠ ነው። ቤንዚዲንን ወደ ሌላ ነገር የሚለውጥ ኢንዛይም ቤንዚዲንን ከውኃ ሊያስወግድ ይችላል ወደሚለው ሐሳብ ለመድረስ የቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር።

የ1980 ሙከራ

ይህን እርምጃ የወሰደው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ክሊባኖቭ ነው። በ1970ዎቹ በደረሰው የነዳጅ እጥረት ምክንያት በአሜሪካ የድንጋይ ከሰልን ወደ ጋዝና ወደ ፈሳሽ ነዳጅ ለመለወጥ ታላቅ ፍላጎት ተነሥቶ ነበር። ከዚህ ሥራ የሚወጣው ፍሳሽ ግን እጅግ ብዙ ፌኖል ነበረበት። ክሊባኖቭና ባልደረቦቹ በ1980 እና በ1981 ባወጧቸው ጽሑፎች ከሆርስራዲሽ የተገኘ ፐርኦክሲዴዝና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሲጨመሩበት ከ30 የሚበልጡ ፌኖሎችና አሮማዊ አሚኖች ከውኃ ውስጥ እንደሚዘቅጡ አሳዩ። ከእነዚህም ውስጥ ቤንዚዲን ይገኝበታል። ለአንዳንዶቹ የተገኘው ውጤት ከ99 በመቶ በላይ ነበር። በ1983 ደግሞ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ዘዴው በእውነተኛ የድንጋይ ከሰል ማቀነባበሪያ ፍሳሽ ላይም እንደሚሠራ አስታወቁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኢንዛይሙ በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ከነቃ በኋላ ከሁለት የፌኖል ሞለኪውሎች አንዳንድ ኤሌክትሮን ወስዶ ሁለት ነፃ ራዲካሎችን ይፈጥራል። የኢንዛይሙ ድርሻ እዚህ ላይ ያበቃል። ራዲካሎቹ ያለ ማንም ርዳታ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ የተጣበቁትም ተመልሰው በኢንዛይሙ እየተነኩ እየረዘሙ ይሄዳሉ። በመጨረሻ በውኃ የማይሟሟ ፖሊመር ሆነው ይዘቅጣሉ። በውኃ የሚሟሟው መርዝ በወንፊት ወይም በማዝቀጫ ገንዳ ሊለይ የሚችል ደለል ይሆናል።

ተመራማሪዎቹ ሌላም ጠቃሚ ነገር አስተዋሉ። ለብቻው በቀላሉ የማይዘቅጥ በካይ፣ በቀላሉ ከሚዘቅጥ ጋር ሲደባለቅ ተያይዞ ይወርዳል። እውነተኛ ፍሳሽ የብዙ ውሕዶች ድብልቅ ስለሆነ ይህ ለዘዴው ተስፋ ሰጪ ነበር። ባክቴሪያን የሚገድል የፌኖል መጠንም ኢንዛይሙን ከሥራው አላገደውም።

ተስፋውን የገታው

ከዚያ በኋላ የመጡት ሃያ ዓመታት ሦስት ችግሮችን ገለጡ።

የመጀመሪያው የኢንዛይሙ ዕድሜ ማጠር ነው። ያለ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አይሠራም፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ያው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ያበላሸዋል። ራሱ የፈጠራቸው ራዲካሎች ያጠቁታል፤ የሚዘቅጠው ፖሊመርም ይዞት ይወርዳል። በመድኃኒት አሰጣጥ እንደሚታወቀው ሁሉ እዚህም ወሳኙ መጠንና አሰጣጥ ነው፦ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይዱን በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር የተሻለ ውጤት አስገኘ። በ1992 ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች እንደ ጄላቲንና ፖሊኤቲሊን ግላይኮል ያሉ ነገሮች ሲጨመሩ ፖሊመሩ በኢንዛይሙ ፋንታ በእነርሱ ላይ እንደሚጣበቅና የሚያስፈልገው ኢንዛይም በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳዩ።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። ለኤላይዛ የሚሆን የጠራ ፐርኦክሲዴዝ በማይክሮግራም የሚለካ ነው፤ ለፍሳሽ ሲሆን ግን መጠኑ ሌላ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ርካሽ ምንጭ መፈለግ ጀመሩ። በ1994 በፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኢንዛይሙን ማጥራት ሳያስፈልግ የተከተፈ ሆርስራዲሽ፣ ድንችና ነጭ ራዲሽ በቀጥታ በውኃው ውስጥ ተጨምሮ ክሎሮፌኖል እንደሚያስወግድ ተረጋገጠ። በካናዳም በዊንዘርና በማክጊል ዩኒቨርሲቲዎች ከአኩሪ አተር ዘር ቅርፊት የሚገኘው ፐርኦክሲዴዝ በሰፊው ተጠና። ቅርፊቱ ዘይት ሲመረት የሚተርፍ ነው።

ሦስተኛውና ለጤና ባለሙያዎች ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበው የውጤቱ መርዛማነት ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች የለኩት የፌኖሉን መጠን ነበር፤ መጠኑ ሲወርድ ሥራው እንደተሳካ ይቆጠር ነበር። በ1990ዎቹ ግን ተመራማሪዎች የታከመውን ውኃ ብርሃን በሚሰጡ የባሕር ባክቴሪያዎች መፈተን ጀመሩ። ባክቴሪያዎቹ ሲመረዙ ብርሃናቸው ይደክማል። ለብዙ ውሕዶች መርዛማነቱ ቀነሰ፤ ለአንዳንዶቹ ግን ፌኖሉ ከጠፋ በኋላም መርዛማነቱ አልወረደም፣ እንዲያውም ጨምሮ ተገኘ። ከዘቀጠው ፖሊመር በተጨማሪ በውኃው ውስጥ ሟሙተው የሚቀሩ አጫጭር ውጤቶች ነበሩ። የዘቀጠውም ቢሆን አልጠፋም፤ ከውኃ ወደ ዝቃጭ ተዛወረ እንጂ። ዝቃጩ ተቃጥሎ ወይም በተገቢው ስፍራ ተቀብሮ ካልተወገደ ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

የባክቴሪያና የኢንዛይም ልዩነት ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጃፓናዊው ሐኪም ኦሳሙ ሃያይሺ በ1950ዎቹ እንዳሳየው ባክቴሪያዎች ከፌኖል የሚገኘውን ካቴኮል በኦክሲጅኔዝ ኢንዛይሞች አማካይነት ቀለበቱን ሰብረው ይከፍቱታል። ከዚያ በኋላ በሌሎች ኢንዛይሞች እየተቀባበሉ እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ያደርሱታል። ፐርኦክሲዴዝ ብቻውን ይህን አያደርግም። ከብዙ ቅብብሎሽ ውስጥ የተወሰደ አንድ ሯጭ ነው።

የዘዴው ዘመዶች

በሌላ አቅጣጫ የተጀመረ ተመሳሳይ ታሪክም አለ። አብርሃም ማዙር በ1946 ከነርቭ መርዞች ወገን የሆነን የፎስፎረስ ውሕድ የሚሰብር ኢንዛይም በእንስሳት ሕብረ ሕዋስ ውስጥ እንዳለ አሳየ። በ1973 በፊሊፒንስ የሩዝ ማሳ ኦርጋኖፎስፌት የተባሉትን ፀረ ተባዮች የሚሰብር ባክቴሪያ ተገኘ። በ1976 ዳግላስ መነኪ እንዲህ ያሉ ኢንዛይሞች የፀረ ተባይ ቅሪትን ለማስወገድ ሊያገለግሉ እንደሚችሉ አስታወቀ። በአውስትራሊያ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ድርጅት የተደረገው ጥናት በ2000ዎቹ ላንድጋርድ የሚባል በገበያ የቀረበ ኢንዛይም አስገኝቷል። የኦርጋኖፎስፌት መመረዝ ያጋጠማቸውን ሕሙማን በአትሮፒን ያከሙ ሐኪሞች የዚህን ጥቅም ይረዱታል። እዚህም ቢሆን ጥያቄው አልቀረም፤ ፓራታዮን የተባለው ፀረ ተባይ ሲሰበር መርዛማነቱ በእጅጉ ቢቀንስም፣ ከሚተርፉት ውጤቶች አንዱ ፓራ ናይትሮፌኖል ነው። ይህም ራሱ ከፌኖል ቤተሰብ ነው።

ሌላው ላኬዝ ነው። ሂኮሮኩሮ ዮሺዳ በ1883 በጃፓን የቀለም ዛፍ ጭማቂ ውስጥ አገኘው፤ ገብርኤል በርትራን በ1890ዎቹ ስም ሰጠው። እንጨት የሚያበሰብሱ ፈንገሶችም ያመነጩታል። ከፐርኦክሲዴዝ የሚለየው ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሳይፈልግ በአየር ኦክሲጅን ብቻ መሥራቱ ነው። በ2000ዎቹ ትኩረቱ ከፋብሪካ ፍሳሽ ወደ መድኃኒት ቅሪት ተዛወረ። በወሊድ መከላከያ እንክብል ውስጥ ያለው ኤቲኒል ኢስትራዲዮል በአወቃቀሩ የፌኖል ቀለበት አለው። ስለዚህም ላኬዝና ፐርኦክሲዴዝ ከከተማ ፍሳሽ ውስጥ እንደሚያስወግዱት በሙከራ ታይቷል። በሽንት በኩል ወደ ፍሳሽ የሚገባው የሐኪም ትእዛዝ በዚህ መልክ ወደ ኢንዛይሙ ጠረጴዛ ደርሷል።

መደምደሚያ

ኢንዛይም ለብቻው የከተሞችን ፍሳሽ የሚያጣራ ዘዴ ሆኖ አልተስፋፋም። ዛሬም አብዛኛውን ፍሳሽ የሚያጣሩት በ1914 በማንችስተር እንደታየው ባክቴሪያዎች ናቸው። የኢንዛይም ስፍራ ለባክቴሪያ አስቸጋሪ የሆኑ፣ መርዛቸው ከበዛና ምንጫቸው ከታወቀ ፍሳሾች ላይ ነው። ወደ ጋራ ማጣሪያ ከመግባታቸው በፊት በፋብሪካው ደጃፍ ቢታከሙ ሕያዋኑን አጣሪዎች ከድንገተኛ መመረዝ ያድናል።

ሊታለፍ የማይገባው ወሰንም አለ። ኢንዛይም ብረትን አያጠፋም። ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣ ክሮም በምንም ኢንዛይም አይሰበርም፤ ሌላ ዘዴ ይጠይቃል። የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ ተደባልቆ በሚወርድባቸው እንደ አቃቂ ባሉ ወንዞች ዳር ለሚያገለግል የጤና ባለሙያ ይህን መለየት ጥቅም አለው። «በኢንዛይም ታክሟል» የሚለው ቃል ምን ታከመ የሚለውን አይመልስምና።

ከሩንገ ቅጥራን እስከ ክሊባኖቭ ሙከራ ድረስ የተዘረጋው ታሪክ አንድ ስሕተት ሁለት ጊዜ መደገሙን ያሳያል። የካርላይል ሰዎች ሽታው ስለጠፋ በሽታው የጠፋ መሰላቸው። የ1980ዎቹ ተመራማሪዎችም የፌኖሉ መጠን ስለወረደ መርዙ የወረደ መስሏቸው ነበር። ሁለቱም የለኩት ለመለካት የቀለላቸውን ነው። ትኩሳት ማውረድ በሽታን ማዳን እንዳልሆነ የሚያውቅ ባለሙያ ግን ስለ ፍሳሽም እንዲሁ ሦስት ነገሮችን ሊጠይቅ ይገባዋል፦ በካዩ ወደ ምን ተለወጠ? የተለወጠው ነገር መርዛማነቱ ተለክቷል? የቀረው ዝቃጭስ የት ደረሰ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ዘዴ፣ በባክቴሪያም ይሁን በኢንዛይም፣ ከማጣሪያው በታች ያለውን ወንዝ ለሚጠጣው ሕዝብ ሊታመን ይችላል።